የሾፌሩ ጓደኛ

ታናሽ ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሰው ሁሉ «ቀልደኛው» ይለዋል፤ ተሳፋሪ ሲጋፋ፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ወንበሩ አላነሰም፣ ያነሰው ትዕግሥታችን ነው» እያለ ሲያስቅ ይውላል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። እንደምንም መሪውን አዙሮ ከግንብ ጋር አላትሞ አቆመው። ተመስገን ነው፣ የአንድ ሰው ጣት እንኳ አልደማም።

እሱን ያሳፈረው ግን ይኸው ነው። ሰው ሞቶበት ቢሆን ምክንያት ይሆነው ነበር። ማንም ሳይጎዳ፣ መሪ በጨበጠ ቁጥር እጁ ድርቅ የሚለው፣ ላብ የሚያጠምቀው ምን ሆኖ ነው? አለቃው አዝኖለት አውቶቡስ አጠባ ላይ መደበው። ለሚስቱ አልነገራትም። ጠዋት የሾፌር ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ማታ «መንገዱ ተጨናንቆ ነበር» እያለ ይገባል።

ለእኔ ሲነግረኝ ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም። ጤና ጣቢያ ውስጥ የሰው ጭንቀት የምትሰማ ባለሙያ እንዳለች ሰምቼ ነበርና እየጎተትኩ ወሰድኩት። «ዕብድ ነው ሊሉኝ ነው» አለኝ መንገድ ላይ። «ዕብደት ከሆነማ የቤተሰብ ነው፤ እኔም አብሬህ እታያለሁ» አልኩት።

ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ገብቶ ሲቀመጥ ድፍረቱ ከዳው። «የመጣሁት ለጓደኛዬ ጉዳይ ነው» አለ። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ጓደኛዬ የሚሉት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?» አለችው። ክፉ አስባ አይደለም። እሱ ግን ሰው መሀል ልብሱን የገፈፉት ያህል ሆነበት፤ ተነስቶ ውልቅ አለ።

ተከትላው ወጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጓደኛዎን ነገር ሳልሰማ አይሂዱብኝ» አለችው። የልጁ እኩያ ይቅርታ ስትለምነው የባሰ አፈረና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሚታከመው ጓደኛው ሆነ። መጀመሪያ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ እንዲቀመጥ በወንድሜ በኩል ለጓደኛው ላከችበት። ቀጥሎ ሞተር ሳያስነሳ መሪውን እንዲይዝ፣ እጁ ሲደርቅ ትንፋሹን ቀስ አድርጎ እንዲያወጣ። ወንድሜም ተመልሶ፣ «ሞክሯል፤ ግን አለቀሰ» ይላታል። «ያልቅስ እንጂ፣ ምን ነውር አለው» ትለዋለች። አንድ ቀን ታዲያ፣ ይህን ሁሉ ከባለቤቱ ደብቆ መኖር ጓደኛውን ሳይከብደው እንደማይቀር ነገረችው። እንዴት እንደሚነግራት ግን እሱ እንጂ እሷ እንደማታውቅለት ጨመረች።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ሚስቱ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጠ። «አንድ ጓደኛ አለኝ» ብሎ ጀመረ። ፍሬኑን፣ ግንቡን፣ እጁን፣ አጠባውን፣ ሁሉን ተረከላት። ቀና ብሎ ፊቷን ለማየት አቅም አጣ።

«ሚስቱ ይህን ብትሰማ በምን ዓይኑ ያያታል?» አለ በመጨረሻ።

እሷ ማጠፏን አላቋረጠችም። የሾፌር ካልሲ በደረቅ በጋ ርሶ እንደማይገባ ካወቀች ሰንብታለች፤ በየማታው ጨምቃ የምታሰጣው እሷ ናት። ዝም ያለችው እንዳይሸማቀቅባት ብላ ነው።

ከእጥፉ መሀል ደረቅ ካልሲ መርጣ እጁ ላይ አኖረችለት።

«እንካ፣ ለጓደኛህ ስጠው» አለችው። «ነገም ይርስበታል።»

ወንድሜ ካልሲውን ተቀበለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማጥለቅ ጀመረ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲይዝ፣ ለእግሩ የሚነግር ይመስል፣

«እኔው ነኝ» አለ።