ባዶ መኪና ወደ ታጁራ

ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ባለቤቴ መሐመድዘይን የኩላሊት እጥበቱን ጨርሶ ወጣ። በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ቶይቤ፣ ታጁራን ላሳይሽ ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። እኔ የማስበው ቤት ገብቼ ጋደም ስለማለት ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዳማ ጅቡቲ በተሳቢ ተመላልሷል። ከባሕሩ የሚያውቀው ግን የወደቡን አጥርና ወረፋውን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጭነት ይዞ እዚያው ጅቡቲ ያለችው የታጁራ ወደብ ገብቷል። የጥንት ከተማ ናት ይላል፤ ነጫጭ መስጊዶቿ ውሃው አጠገብ ናቸው። ያን ቀን እግሩን ባሕር ውስጥ ነከረና፣ ጨው እንደደረቀበት ሳይታጠብ አዳማ ድረስ ነዳ። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

በማግስቱ የድሮ ረዳቱ መርዳሳ ሊጠይቀው መጣ። ዛሬ የራሱ ፒካፕ ያለው ሰው ነው። መሐመድዘይን ከትራሱ ሥር አንድ የጭነት ደረሰኝ አውጥቶ ሰጠው። ጀርባው ላይ የጉዞውን ዕቅድ ጽፎበታል። መርዳሳ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ዓርብ ንጋት መነሻ። አዋሽ ሻይ። ገዋኔ ምሳ፣ ጎማ ማየት። ሚሌ አዳር። ቅዳሜ ጋላፊ ድንበር፣ ወረፋ፣ አዳር። እሁድ ታጁራ፣ የአንድ ሰዓት ዕረፍት፣ መልስ።» ቀና አለ። «ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ጭነው ነው እንዲህ የሚሳቡት?»

«አራት መቶ» አለ መሐመድዘይን፣ ሳያስበው።

«ባዶ ፒካፕ እኮ ነው! ጭነቱ እትዬ ቶይባ ብቻ ናቸው።»

«እሷን ቀላል አደረግካት?»

ሦስታችንም ሳቅን። እሱ እየሳቀ ጎኑን ያዘ።

«ለባሕሩስ አንድ ሰዓት ብቻ?» አለ መርዳሳ።

«ለሹፌር ከዚያ በላይ ማን ይሰጠዋል?»

በሱ ዕቅድ ብንሄድ ሰኞ ገና መንገድ ላይ ነን። እጥበቱ ሰኞና ሐሙስ ነው፤ አንዱ ካለፈው ትንፋሽ ያጥረዋል። መርዳሳ እስክሪብቶ ተቀብሎ እንደገና ጻፈው። ዓርብ ንጋት ወጥተን ታጁራ ገብተን እናድራለን። ቅዳሜን ሙሉ ባሕር ዳር እንውላለን፣ እሁድ እንመለሳለን። ሰኞ መሐመድዘይን የእጥበት አልጋው ላይ ይሆናል። የቀረው የኔ ፓስፖርት ብቻ ነበር።

«ማክሰኞ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ያመልክታሉ» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ክላክስ አደረገ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ መሐመድዘይንን ሲያስመልሰው ጀርባውን ደግፌ ነው ያደርኩት። ወጥቼ፣ «ይቆይ መርዳሳ፣ ከረመዳን በኋላ ይሁን» አልኩት። መሄዱን ጠልቼ አልነበረም። መተኛት ፈልጌ ነው።

ስገባ መሐመድዘይን ነቅቷል። ሰምቶኛል።

«ይሻላል» አለኝ። «ከዒድ በኋላ አየሩም ጥሩ ነው።»

ከዒድ በኋላ ያ አገር እንደ ምድጃ ነው። ከሱ የበለጠ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሄጄ አመለከትኩ፤ ለግንቦት ቀጠሩኝ። ቀጠሮውን ስነግረው ደረሰኙን ከትራሱ ሥር አወጣ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

መጋቢት 18 ቀን፣ በረመዳን አስራ ሰባተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት በፊት አረፈ። አልጋውን ሲያነሱ ደረሰኙ ወደቀ። ወስጄ ቁርአኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰው ሁሉ፣ «አሁን እንኳ ትንሽ ተኚ» ይለኝ ነበር። ተኛሁም፤ ድካሙ ግን አልወጣልኝም።

አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት ሳልወጣ የባል ሐዘን ዒዳ ተቀመጥኩ። በግንቦት ቀጠሮው ሲደርስ መርዳሳ ፓስፖርቴን ሊያመጣልኝ ሄደ፤ የፓስፖርቱ ባለቤት ራሷ መጥታ መፈረም አለባት ብለው መለሱት። ዒዳዬ ካለቀ በኋላ፣ ነሐሴ 3 ቀን ሄጄ ፈርሜ ወሰድኩት፤ ቁርአኔ ውስጥ ከደረሰኙ ጎን አስቀመጥኩት።