በሷ በኩል ስድስት

አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት ብዬ ተናገርኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ ሳቁ አሁንም አላለቀም፣ ቄስ ገብረ ሚካኤል አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ትከሻቸው ይነቃነቃል፣ ላገባት የምፈልጋት የየትናየት አባት አቶ ምስክር መሬት መሬቱን ያያሉ፣ ለእኔ አፍረው ይሁን ሳቃቸውን ደብቀው አላውቅም፣ ልጄ፣ ይላሉ ቄሱ፣ ሽቅብ የወጣህበትንና ቁልቁል የወረድክበትን ደመርከው እኮ፣ ከገነተ ማርያም ላሊበላ ደርሰህ ስትመለስ ላሊበላ እጥፍ ራቀ ትላለህ? ቤቱ እንደገና ይስቃል። አባቴም ይስቃል። ከፋለ፣ የገዛ አባቴ፣ ልጁን ሊያጋባ የመጣው ሰውዬ።

ትክክል ናቸው። የሚያናድደው ይኸ ነው።

ዝምድና የሚቆጠረው ከጋራ አያት ነው፣ እንዳለው ከሚባለው፣ እኔም እሷም ከምንወለድበት ሰውዬ፣ ከእሱ ልጅ ተጀምሮ ወደ እኔ ለብቻ፣ ወደ እሷ ለብቻ፣ በሁለቱም በኩል ሰባት ከሞላ ይጋባሉ፣ በአንዱ በኩል ከጎደለ አይጋቡም፣ አለቀ፣ ይህን የላስታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዞሬ ስም የለቀምኩ፣ ኮን ድረስ የሄድኩ፣ ነአኩቶ ለአብ ገዳም አንድ መነኩሴ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ግማሽ ቀን የቆምኩ፣ አንዱንም ስም ከሁለት ሰው ሳላጣራ ያልጻፍኩ። በእኔ በኩል ሰባት። በሷ በኩል ስድስት። አራት ጊዜ ቆጠርኩት፣ አምስተኛውን ከታች ወደ ላይ፣ ስድስት። ከዚያ ምን አደረግኩ፣ ስልኬን አወጣሁና ማሽን ጠየቅኩ።

ወንዴ ነው ያስጀመረኝ፣ አሁን አጠገቤ የተቀመጠው፣ እንደ እኔ አስጎብኚ ነው፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ፈረንጅ ጥያቄ ሲጠይቀው ዞር ብሎ ስልኩን አንብቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ሊቅ የሚመልስ፣ ጀለሴ ምን ያጨናንቅሃል፣ ኤአዩን ጠይቀው፣ የሰውን ልጅ እውቀት ሁሉ ውጦታል አለኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል በሬዲዮ። አስተውሎት። ስሞቹን በሰንጠረዥ አስገባሁለት፣ አንዲት ፊደል ሳልገድፍ፣ በመካከላችሁ አሥራ ሦስት ደረጃ አለ፣ ከሰባት እጅግ ይርቃል፣ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ። እንኳን ደስ አላችሁ ደግሞ። ሰባትን ከስድስት ደምሮ። እንዴት እንደቆጠረ ወዲያው ገብቶኛል እኮ፣ ገብቶኝ ነው የተቀበልኩት፣ የምፈልገው ቁጥር ስለነበረ፣ ደግሞም አይጠራጠርም፣ እኔ በር ቆልፌ ሦስቴ ተመልሼ የምገፋ ሰው፣ የማይጠራጠር ነገር ሲያጋጥመኝ እከተለዋለሁ።

ጥቅስም ሰጥቶኝ ነበር። ዘሌዋውያን አሥራ ስምንት ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር መጋባት እንደማይከለከል፣ ባማረ አማርኛ። የአባቴን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ፣ ምዕራፉ ሠላሳ ላይ ያልቃል። የለም እኮ አልኩት፣ ትክክል ነህ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ እዚያው ሌላ ሰጠኝ፣ እሱም የለም፣ በውሸቱ አያፍር፣ በይቅርታው አያፍር፣ እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ላይ ቢያጋጥምህ ከሱ በሬ ትገዛለህ? አትገዛም። እኔ ግን ሚስት ላገባበት ነበር።

የእነሱስ ይሻላል እንዴ። ባለፈው እሑድ ቄሱን ከቅዳሴ በኋላ ጠብቄ፣ አባ፣ ሰባት ቤት የሚለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት ጋ ነው አልኳቸው፣ ጎንበስ ብዬ፣ ተጽፏል አሉኝ፣ የት ላይ አባ፣ ተጽፏል እኮ ነው የምልህ፣ መጽሐፉ ያለበትን ማኅደር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ አልከፈቱትም። ምዕራፉን እኔ አንብቤዋለሁ፣ እናት ይላል፣ እኅት ይላል፣ አክስት፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ይላል፣ ስድስተኛ ቤት አይልም። የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ስንወለድ ያገኘነው ነው ቢሉኝ አፌን በያዝኩ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ተጽፏል ማለት ግን። ወይስ ሌላ ቦታ ተጽፎ እኔ አላገኘሁት ይሆን፣ እንደገና ላንብበው፣ ይኸው፣ እንዲህ ነኝ፣ ሳያነቡ የሚምሉ ሰዎች እንቅልፋቸውን ይተኛሉ፣ ያነበብኩት እኔ እጠራጠራለሁ።

ለምን አሁን አልናገርም፣ እዚሁ መደቡ ላይ፣ አባ ገልጠው ያሳዩኝ ብዬ። አልናገርም። ሲጀመር ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም፣ ስሞቹን ስለጻፍኩ ነው የተጠራሁት፣ ወንዴ በክርኑ ይጎሽመኛል፣ ጥቅሱን ንገራቸው እንጂ ይለኛል በሹክሹክታ፣ የሌለውን ጥቅስ፣ ዝም በል አንተ። ጓዳ የትናየት አለች፣ መጋረጃው ከታች ያጥራል፣ እግሯ ይታየኛል፣ ቆማለች። ስድስት መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ የጥንት አያቷን የደመቀችን፣ የደመቀችን እኅት፣ የሁሉንም ታሪክ አንድ በአንድ፣ አንተ ደግሞ ሳትቆጥር አትኖርም አለችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። ዛሬ ካልሆነ አባቷ ለኮኑ ሰው እሺ ይላሉ፣ የዚያኛው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፣ ሦስተኛው የፊታችን እሑድ ነው።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይጀምራሉ። የአቶ ምስክር አክስት ናቸው፣ ዘጠና ይሆናቸዋል፣ በዚህ አገር የዘር ነገር የሚያልቀው በሳቸው አፍ ነው፣ መጽሐፍ የለ፣ ስልክ የለ፣ በአውራ ጣታቸው የጣታቸውን አንጓ ይነካሉ፣ የእኔን ወገን ጨረሱ፣ ሰባት፣ አንድም አልሳቱም፣ ወደሷ ዞሩ፣ እንዳለው አዳምን ወለደ፣ አዳም ደመቀችን፣ ይቆማሉ። አውራ ጣታቸው አንጓው ላይ ይቀራል።

በአዳምና በደመቀች መካከል አንዲት ሴት የዘለልኩ መሰለኝ፣ ይላሉ፣ ውባንቺ የምትባል፣ ወይስ የደመቀች እኅት ናት?

እኅቷ ናት። ያለ ልጅ የሞተች እኅቷ፣ ከሦስት ሰው ሰምቻለሁ። ቄሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፣ ይኸኛው እንኳ የት እንደተጻፈ አያውቁም፣ እማሆይ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ አገሩን ዞረህ ጻፍክ አሉ፣ አንተ ንገረን፣ ውባንቺ ለደመቀች እናቷ ናት እኅቷ?

እናቷ ከሆነች ሰባት። እኅቷ ከሆነች ስድስት። ቆይ፣ ደመቀች የእማሆይ አያት አይደለችም እንዴ፣ ያሳደገቻቸው አያታቸው፣ ያሳደገችውን ሴት እናት ማን ይረሳል፣ አልረሱም፣ አልረሱም እሳቸው፣ እያወቁ ነው፣ በሩን ከፈት አድርገው ግባ እያሉኝ ነው፣ ኃጢአቱን ለእኔ፣ እሳቸው መነኩሴ ናቸዋ። አስብ፣ በሥርዓት አስብ፣ አንደኛ ማንም አይጎዳም፣ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተች ሴት ናት፣ ሁለተኛ መጽሐፉ አይከለክልም፣ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ የለኝም፣ ሦስተኛ እኅቷ ናት።

እናቷ ናት፣ እላለሁ። ከሁለት ሰው አጣርቻለሁ፣ እላለሁ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

አውራ ጣታቸው አንድ አንጓ ይሻገራል። ሰባት፣ ይላሉ እማሆይ፣ ዓይኔን አያዩም። ቄሱ ይነሳሉ፣ ያልተጻፈ አይሆንም ብያችሁ ነበር ይላሉ፣ ሲባርኩ ድምፃቸው ቤቱን ይሞላዋል፣ አባቴና አቶ ምስክር ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፣ ወንዴ ጆሮዬ ሥር፣ ኤአዩ ችግር የለም ብሎህ አልነበር፣ ይላል፣ ይኸ ደደብ፣ ሁሉም አሸንፈዋል፣ እዚህ ቤት ውስጥ የተሳሳተ ሰው የለም።

የትናየት ማስታጠቢያ ይዛ ትወጣለች። ከቄሱ ትጀምራለች፣ በተራ በተራ፣ እኔ መጨረሻ ነኝ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ አጎንብሳ ታፈሳለች፣ ቀና አትልም፣ ውባንቺ ያለ ልጅ ሞተች አላልከኝም? ትላለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ንገራት። እሷ እንኳ ትወቅ፣ አንድ ሰው ይወቅ፣ ጣቶቼን አሻለሁ፣ ሌላ ውባንቺ ናት፣ እላታለሁ፣ ሁለት ናቸው፣ በኋላ ነው ያጣራሁት። ቀና ትላለች። ፊቷ ይፈታል፣ ከጧት ጀምሮ ታፍኖ የቆየው ትንፋሿ ይወጣል፣ ታምነኛለች፣ ሙሉ በሙሉ፣ ያለ አንድ ጥያቄ፣ እኔ እኮ ሳልቆጥር የማልናገር ሰው ነኝ።