ጫማውን በእጁ ይዞ

ቀጮ የሚለውን ስም ያወጡለት አማቱ ናቸው። ገና ልጃቸውን ሊጠይቅ በመጣ ቀን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ይሄ ቀጮ ነው ልጄን የሚያኖራት?» አሉ። እሱ ከመከፋት ይልቅ ስሙን ወደደው፣ ፖስተሩ ላይ ሳይቀር አሳተመው። ዛሬ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ካለ መንግሥት ብቻ ነው።

ቀጮ ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፣ አለቃ የለውም። አለቃ የለውም ሲባል የሚቀና አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እሱ፣ ፖስተር ለጣፊው እሱ፣ ድምፅ ማጉያውን በጀርባው አዝሎ ደረጃ የሚወጣው እሱ። ከከተማ ከተማ ሲዞር ሆቴል የሚባል ነገር አያውቅም። ዘፈኑን የወደዱ ሰዎች ሶፋቸው ላይ ወይም ትርፍ ክፍላቸው ውስጥ ያሳድሩታል። እሱም ለዚህ ኑሮ የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። ባለቤቶቹ ሳይነሱ ይነሳል፣ አንሶላውን ያጣጥፋል፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ያጥባል፣ የሰጡትን ቁልፍ ትራሱ ላይ ያኖራል፣ ከዚያ ጫማውን በእጁ ይዞ ውልቅ። «ቆይ እንጂ፣ ቁርስ ሳትቀምስ!» የለም፣ በር ላይ መሳሳም የለም። በዚህ ጨዋነቱ ሁሉም ይወደዋል፤ ሁለተኛ ሲመጣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀዋል።

ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ጥግ ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ኮሌታ ስትገጥም ትውላለች። ባለፈው ጉዞ ዋዜማ ተጣልተው ነበር። የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ትንሿ ልጃቸው ታማለች፣ እሱ የጊታር ክር ይቀይራል። ታዲያ ብትቆጣ ምን ይፈረድባታል? «ስማ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለችው። «ከእንግዲህ ወይ ባል ነህ ወይ አይደለህም።» እሱም ሦስት ወር ሙሉ ይህንን ሲያመነዥክ ከረመ። አውቶቡስ ውስጥ ይቅርታውን ይለማመዳል፣ መድረክ ላይ ግጥሙን እየረሳ ይቅርታው ይመጣበታል። ይህቺን ሴት ማጣት አይፈልግም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ተዘጋጅቶ የመጣው ለቁጣ ነበር። ያጋጠመው ግን መስተንግዶ ሆነ።

«እንኳን ደህና መጣህ። ደክሞሃል፣ አረፍ በል» አለችው በፈገግታ። አልጋው ጫፍ ላይ ፎጣ ከነአዲስ ሳሙናው ተጣጥፎ ተቀምጦለታል። ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ታስሮ የኖረው ሳህን ወጣለት። በልቶ ሳህኑን ሊያጥብ ሲነሳ፣ «ኧረ ተው! አንተ ቁጭ በል!» ተባለ። «ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል እኮ» ሲል፣ «አንተ አታስብ» አለችው። ልጅቷ እንኳ፣ ስትሮጥ ቤት የምታናውጠዋ፣ በአጠገቡ ስታልፍ በእግሯ ጣት ሆነች።

ከሁሉ የባሱት አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ናቸው። ቀጮ እያሉ እንደ ልጅ ሲያዙት የኖሩት ሴትዮ፣ «ይብሉ እንጂ፣ ምነው፣ አልጣፈጠዎትም?» ይሉት ጀመር።

«እማማ፣ አንተ ይበሉኝ እንጂ! ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ አይገባም!» አሉና ምላሳቸውን የነከሱ መሰሉ።

ማታ ደግሞ ሚስቱ ትራሷን ይዛ ወደ ልጅቷ ክፍል ሄደች። «ተዘርግተህ ተኛ፤ መንገድ ነው የከረምከው» አለችው። ቀጮ ባዶውን የአልጋ ግማሽ እያየ ግራ ገባው። ይቅር ብላኝ ነው? ወይስ ጭራሽ ልቧ ቆርጦ? የተቆጣች ሴት እንዲህ ትስቃለች? ያልተቆጣችስ ትራሷን ይዛ ትሄዳለች? ለመጠየቅ ፈራ። ደግ ነገር ሲያገኝ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ የሰው ሶፋ አስለምዶታል።

ቀኖቹ እንዲህ በ«አረፍ በል» አለፉ። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነቃ። መጋረጃው አዲስ ነው፤ እሱ በሌለበት የሰፋችው። ራስጌው አጠገብ ውሃ በብርጭቆ፣ ግርጌው ላይ ፎጣ። የየትኛው ከተማ ነው ይሄ? የማን ቤት ነው? «ብቻ ደግ ሰዎች ናቸው» አለ በሐሳቡ። አልሰከረም፣ አላመመውም። እጁ ግን ከእሱ ቀድሞ ተነሳ። አንሶላውን አጣጠፈ፣ ብርጭቆውን አጠበ፣ ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ቁልፍ ትራሱ ላይ አኖረ፣ ጊታሩን አዘለ፣ ጫማውን አንጠለጠለ። በሩን እንዴት አድርጎ እንደዘጋው ብታዩ! ድመት እንኳ አትሰማም።

መንገዱ ጥግ ላይ ሚኒባስ አገኘና ተሳፈረ። ትንሽ እንደሄዱ ረዳቱ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«የት ነህ ወንድሜ?»

ቀጮ፣ «እ… የምዘፍንበት ነዋ!» አለ። ዛሬ የት ነበር የሚዘፍነው?

«የሚሄድበትን ሳያውቅ የተሳፈረ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፤ መኪናው በሳቅ ሞላ።

«እሺ፣ ከየት ነው የመጣኸው? እሱን እንኳ ንገረን» አለ ረዳቱ።

ቀጮም ራሱን ጠየቀ። ከየት ነው የመጣሁት? ዓይኑን ወደ መስኮቱ ሲወረውር መንገድ ዳር ተማሪዎች ቆመዋል። የአንዷን ኮሌታ አየ። ጫፉ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ልጆች ኮሌታ ይጎትታሉ፣ አንድ ስፌት አይበቃውም የምትል።

«ከቤቴ!» ብሎ ጮኸ። «ወራጅ! ወራጅ አለ! ከቤቴ ነው የመጣሁት!»

ሲሮጥ ጊታሩ ወገቡን ይደበድበዋል። አመል ያወጣል ከመሐል ሲሉ ሰምቶ ነበር፤ ከገዛ ቤት እንደሚያወጣ ግን የነገረው አልነበረም። በሩ ጋ ደርሶ ኪሱን ቢዳብስ ቁልፍ የለም። አንኳኳና፣ «ቤቶች!» አለ። አፉ ነው ያለው፤ እሱ ራሱ ሰምቶ ደነገጠ።

አማቱ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱት። ዓይናቸው ቀልቷል። «ማንን ፈልገው ነው?» አሉት።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ መኪናው ግን ዝም ብሏል። በከንፈሮቿ መሐል ስፒሎች ነክሳለች። ቀና አላለችም።

«ሌላው ሰው ጥሎ ሲሄድ አልጋውን እንደተመሰቃቀለ ትቶ ነው» አለች በጥርሷ መሐል። «አንተ ጭራሽ አጣጥፈህ።»

«አልሄድኩም! ማለቴ… ሄጃለሁ፣ ግን አልሄድኩም።»

«ይለይልህ።»

የሰው ቤት ሥርዓቱን፣ መጋረጃውን፣ ረዳቱን፣ ኮሌታውን አንድ ባንድ ነገራት። ሲያወራው ለራሱም ውሸት ውሸት ሸተተው።

«ሰው የገዛ ቤቱን ይስታል?» አሉ አማቱ። «ላም እንኳ በረቷን አትስትም!»

በዚህ ጊዜ ቀጮ ነደደው። በመጣ ጊዜ የተዘጋጀው ይቅርታ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «እንዴት አልስት? ፎጣ ከነሳሙናው አጣጥፎ የሚያኖርልኝ ማነው? በየሄድኩበት የሚቀበሉኝ እንዲህ ነው፤ እዚህ ደግሞ የባሰ! አንድ ሰው አልተቆጣኝም። ሚስቴ አጠገቤ አትተኛም። ልጄ ትሸሸኛለች። እማማ እርስዎ ይሉኛል። ምን ላድርግ ታዲያ? ጨዋ እንግዳ ሆንኩላችሁ!»

 ሚስቱ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካቻቸው።

«ባለፈው ተቆጥቼህ ነው እኮ የሄድከው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «በየሄደበት ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል፣ እኔ ቤት ሲመጣ ግን ጭቅጭቅ ነው አልኩ። ከእነሱ አላንስም አልኩ። እማዬንም፣ ልጅቷንም፣ አንድ ክፉ ቃል እንዳይወጣችሁ ብዬ ለመንኳቸው። ትራሴን ይዤ የወጣሁትም እንቅልፍ እንዳልነሳህ ነው። ተመችቶህ እንድትቆይ ነበር እኮ!» እንባዋ መጣ።

ቀጮ ለዚህ የሚሆን ይቅርታ አልተለማመደም።

«እንግዲያውስ ተፈታሁ!» አሉ አማቱ። «እኔማ ምላሴን ነክሼ ልሞት ነበር! አንተ ቀጮ! ያን ቧንቧ ሳትሠራ ምሳ የሚባል ነገር የለም! ጢምህስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ? ጊታርህንም ከመተላለፊያው አንሳ፣ ሰው ሊሰብር!»

ሚስቱ አልሳቀችም። «እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «እጅህ ነው የወጣው ወይስ ልብህ?»

እጄ ነው ሊል ነበር። ምን ነበረበት? ግን ጠዋት ደረጃውን ሲወርድ የተሰማው ትዝ አለው፤ ሰውነቱ ቀሎት ነበር፣ እንደ ዘፈን መጀመሪያ።

«አላውቅም» አለ። «ስወርድ ቀሎኝ ነበር። ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ የምሞት መሰለኝ። እኔ እንጃ፣ ግራ ገብቶኛል።»

 «ይሄኛው እውነት ነው» አለች። «ስማ። ሥራህ መንገድ ነው፣ አልከለክልህም። ግን ቀስቅሰኝ። ሌላው ሰው ሳትቀሰቅሰው ብትሄድ ደስ ይለዋል። እኔ ልናደድብህ፣ ላልቅስብህ፣ በር ላይ ልሰድብህ መብቴ ነው። ቀስቅሰኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ያን ቀን ከሰዓቱን ኩሽናው ወለል ላይ ተጋድሞ ቧንቧ ሲፈታ ዋለ። አማቱ ከላይ ሆነው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይሉታል፤ ልጅቷ ሆዱ ላይ ተቀምጣለች። ጥሩ አድርጎ ሠራው ብል ዋሸሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነቃ። ጣሪያውን አየ፤ አላወቀውም። የየትኛው ከተማ ነው? የማን ቤት ነው? እግሩ ከአልጋው መውረድ ጀመረ። ከጎኑ ሰው ይተነፍሳል። ማን እንደሆነ ገና አልመጣለትም፤ አንድ ነገር ብቻ ቃል እንደገባ ይሰማዋል። የዚያን ሰው ትከሻ ነካና ቀስ ብሎ ነቀነቀው።

«ይቅርታ» አለ። «የት ነው ያለሁት?»

ሴትየዋ ዓይኗን አልገለጠችም። ሁለት በረዶ የመሰሉ እግሮቿን አምጥታ ባቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ኧረ አንቺ ሴት! ገደልሽኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ያኔ የት እንዳለ አወቀ።