ውሃ የማይፈራ ማስቲሽ

ደልሲና ታናሽ ወንድሟ ጋስ የሸርጣን ወጥመዶቻቸውን አንስተው ወደ ቤት ሊዞሩ ሲሉ ነፋሱ ተለወጠ። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ባሕር በግንቦትም ቢሆን እንደ በረዶ ነው። አንድ ማዕበል ጀልባዋን በጎኗ ሲጥላት መልህቁ ከማሰሪያው አመለጠ። ጋስ ሊይዘው ቢወረወር ቀኝ እጁን ቀጠቀጠው፤ መልህቁ ይህም አልበቃ ብሎት ወርዶ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያስገባውን የፕላስቲክ ቱቦ ከሥሩ ገነጠለው። ከቀዳዳው ጀምሮ የጀልባዋ የፋይበርግላስ ግድግዳ ተሰነጠቀ።

ደልሲ ሹራቧን አውልቃ ቀዳዳውን ወተፈችው። ስንጥቁ ግን የሚወተፍ አልነበረም። ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚቃጠል አጠፉት። በሬዲዮ የጠሩት ጎረቤታቸው አምብሮዝ፣ “መጣሁ! ግን ሩቅ ነኝ፤ እንደምንም ቆዩልኝ” ከማለቱ ባትሪው በውሃ ተዋጠ። ሬዲዮውም የውሃ መሳቢያውም ዝም አሉ።

ጋስ በግራ እጁ በባልዲ እየቀዳ፣ “ሱፐር ግሉ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አለ!” ብሎ ጮኸ።

“እሱ ለተሰበረ ስኒ ነው እንጂ!”

“ሞክሪው እስቲ! ምን ይቀርብሻል?”

ሞከረችው። ውሃው ሲነካው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ረገፈ። ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ አወጣች፤ ሁለቱን ቱቦ ቀላቅላ የአሉሚኒየም ቁራጭ ለጠፈችበት። በዚያ ብርድ መቼ ሊደርቅ! እንደ ማር ተዝለግልጎ ቆየና፣ ብረቱን ይዞ እግሯ ሥር ወደቀ። ውሃው ጉልበቷ ጋ ደርሷል። ደልሲ ግድግዳውን በጡጫ እየመታች አለቀሰች።

“አለቀልን በይኛ” አለ ጋስ።

“ዝም ብለህ ቅዳ!”

እንባዋን ስትጠርግ ስንጥቁን አየችው። ማዕበል በመጣ ቁጥር እንደ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደረቅ ነገር እዚህ ላይ ሁልጊዜም ይሰበራል፤ አብሮ የሚለጠጥ ነው የሚያስፈልገው። አምና የጀልባዋን መስኮት የለጠፈችበት፣ ሲደርቅም እንደ ጎማ የሚለጠጠው ጥቁር ማስቲሽ ትዝ አላት። ገና ሳይደርቅ ዝናብ ወርዶበት ተበላሸ ብላ ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ ጠበቀ። ከሳጥኑ ሥር ግማሽ ቱቦ አገኘች።

“ቡትህን አውልቅ።”

“እብድ ነሽ? እግሬ በብርድ ይቆረጥ?”

“እግሩ የሞቀው ሬሳ ምን ይሠራል? አውልቅ አልኩህ! የሩም አረቄህንም አምጣ።”

“ሩሜን ደግሞ ለምን?”

“ግድግዳው ዘይት ጠጥቷል። ዘይት ላይ ምንም አይጣበቅም።”

ወጥመዶቹን ሁሉ እየጎተቱ ወደ ማዶው ጎን ከመሩ። ጀልባዋ አዘመመች፤ ስንጥቁ ከውሃው ከፍ አለና ማዕበል ሲመጣ ብቻ ይረጭ ጀመር። ደልሲ የጋስን ቡት ቀድዳ ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት አሻከረች፤ ግድግዳውንም እንዲሁ። ሩሙን አፍስሳ በካናቴራዋ ጠረገችው። ጋስ ሩሙ ሲፈስ ላለማየት ፊቱን አዞረ። ማስቲሹን በወፍራሙ ቀባች፣ ላስቲኩን ለጠፈች፣ ጣውላ ደገፈችበትና በጉልበቷ ተጫነችው።

“ያዘ?”

“አላውቅም። ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል።”

“ጊዜ ከየት ይምጣ?”

ማዕበሉ ከውጭ ሲገፋ እሷ ከውስጥ ገፋች። መጀመሪያ እግሯ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ወገቧ። ከጣውላው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ባየች ቁጥር ይበልጥ ትጫነዋለች። ጋስ እየቀዳ መጸለይ ጀመረ፤ ቃሉ ሲጠፋው ይሳደባል፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ይጀምራል።

“ደልሲ፣ ከሰጠምን…”

“ከሰጠምን በኋላ ትነግረኛለህ። ቅዳ!”

አምብሮዝ ሲደርስ የጀልባዋ ጠርዝ ከባሕሩ ብዙም አይበልጥም ነበር። የራሱን የውሃ መሳቢያ ወርውሮላቸው ውሃው ሲጎድል፣ “ነይ ውጪ፣ ይዟል እኮ!” አላት። ደልሲ ልትነሳ ብትሞክር አልቻለችም። ከጣውላው ዳር የተረፈው ማስቲሽ ሱሪዋን ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል። አምብሮዝ በቢላ ጨርቁን ቆርጦ አላቀቃት።

እየተጎተቱ ወደብ ገቡ። ጋስ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ዳግመኛ አልታጠፉለትም። ደልሲ በዚያ ዕለት ባዶ እግሩን ቆሞ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ወንድሟን አየችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነባት። ጋስ በደህና እጁ አቀፋት።