የጃለታ ግራ ጫማ

ሐይቁ መሸሽ ከጀመረ ወዲህ አሻግሬ እህል አልዋጥ ብሎታል። ዘንድሮ ደለሉንና እምቦጩን ለመጥረግ የግድቡን ውሃ ስለለቀቁት፣ አባ ሳሙኤል በየቀኑ አሥር አሥር እርምጃ ወደ መሃል እየተጎተተ ሆድ ዕቃውን ማሳየት ያዘ። የሰፈሩ ሰው ሥራ የፈታ ይመስል ከማለዳ ጀምሮ ዳሩ ላይ ይኮለኮላል። ድሮ እዚህ ኖረው አሁን ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገቡት እንኳ ቅዳሜና እሑድ በሚኒባስ ታጭቀው ይመጡና የማን አጥር እስከየት እንደነበረ፣ የማን ጀልባ የት እንደሰጠመ ጭቃውን በጣት እያሳዩ ይከራከራሉ። አሻግሬ ከነሱ ጋር አይቆምም። ራቅ ብሎ አንዲት ቦታ ብቻ ያያል፤ ከጭቃው ብቅ ካሉት ሦስት የመቃብር ድንጋዮች ሃያ እርምጃ ያህል ወዲህ።

እዚያ ጭቃ ውስጥ አንድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ አለ። ብረቱ ላይ የአባቱ ስም በመሮ ተቀርጾበታል፤ ብረቱ በታሰረበት ገመድ ውስጥ ደግሞ የጃለታ ግራ ጫማ አለ። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እሱ የሚመስለው እንደዚያ ነው።

ጃለታ የእማማ ጠጄ አንድ ልጅ ነበር። የእማማ ጠጄ ወገኖች ግድቡ ሳይሠራ እዚህ የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ፤ ጣሊያን ወንዙን ሲገድበው ማሳቸውም የአያቶቻቸው መቃብርም እንዳለ ሰጠመ። የአሻግሬ አባት አቶ ተስፋሚካኤል ግን ምድር ባቡር ወደ አቃቂ ያመጣው ሰው ነበር። ልጁ ዓሣ ላጥምድ ሲል ከሐዲድ ቁራጭ የመረብ መልህቅ ሠራለት፣ ሌባ እንዳይወስደውም ስሙን ቀረጸበት። ነፍሱን ይማረውና፣ ብረቱን ከሌባ ጠበቀ እንጂ ከገዛ ልጁ አልጠበቀውም።

ነገሩ የተነሳው በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ ነው። አሻግሬ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዓሣው ከሰመጠው መቃብር ድንጋይ ሥር መሸሸግ ይወዳልና አሻግሬ መረቡን እዚያ ላይ መጣል ጀመረ። ጃለታ መጥቶ በአያቶቼ አጥንት ላይ መረብ አትጣል አለው። በማግስቱም ደገመለት። አሻግሬ ግን ሳቀበት፤ አያቶችህ ዓሣውን ካልበሉት እኛ እንብላው እንጂ ብሎ ጓደኞቹን ሁሉ አሳቀ። አንድ ሰው እንኳ «ተው፣ ነውር ነው» አላለውም፤ ይሄ ሰፈር እስከ ዛሬም ከመሳቅ ቀድሞ ማሰብ አይሆንለትም።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አሻግሬ መረቡን ሊያነሳ ሲሄድ፣ ጃለታ ቀድሞት ደርሶ መረቡን በቢላዋ ሲተለትለው አገኘው። ስድስት ወር ሙሉ በእጁ የሠራው መረብ ነበር። ተሰዳደቡ። ጃለታ ዘሎ ወደ አሻግሬ ጀልባ ገባና በቡጢ አፉን ሲለው ሁለት የፊት ጥርሱ ረገፈ። አሻግሬ የገዛ ደሙን ሲቀምስ ዓይኑ ጨለመ። መቅዘፊያውን አንስቶ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈበት። ጃለታ በጉልበቱ ወደቀ። ደገመው። ሠለሰው። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ከደረቅ እንጨት ብዙም አይለይም፤ አሻግሬ እስከ ዛሬ ድረስ ማገዶ የሚፈለጥበት ቦታ አይቆምም።

የብስ ላይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሮጦ እጁን ይሰጥ ነበር። ውሃ ላይ ግን ክፉ ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። የጃለታን ግራ እግር ከነጫማው በናይለን ገመድ ጠፍሮ ከአባቱ ብረት ጋር አሰረው፤ ከዚያም በብብቱ ይዞ ወደ ጀልባው ጠርዝ አነሳው። ቀጥላ የመጣችውን ትንሽ ጊዜ አሻግሬ ለራሱም አያወራትም። ሲያስታውስ ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ ይቆማል።

የጃለታ ጀልባ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ሲያገኙ ሰው ሁሉ ሰጥሟል አለ። አሻግሬም ጥርሴን ድንጋይ ላይ ወድቄ ነው ብሎ ከፈላጊዎቹ ጋር ተሰለፈ። ሦስት ቀን ተፈለገ። እማማ ጠጄ ሦስቱን ቀን ዳሩ ላይ ቆሙ፤ አልተቀመጡም፣ አልቀመሱም፣ አላለቀሱም። አጠገባቸው የጃለታ ሚስት ጋዲሴ የስድስት ወር ሆዷን ይዛ ትወዛወዛለች። ይህን ማየት ለአሻግሬ ከበደው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልብሱን አውልቆ ማንም ያልፈለገበት ቦታ ላይ ጠለቀ። ገመዱ ውሃ ጠጥቶ ቋጠሮው አልፈታ አለው፤ ሲጎትተው መዳፉን እስከ ሥጋው ሰነጠቀው። በመጨረሻ እግሩን ከጫማው ውስጥ መንጭቆ አወጣውና ሬሳውን ይዞ ወጣ። ብረቱና ጫማው እታች ቀሩ። የጭንቅላቱን ስብራት ሰዎቹ ድንጋይ ነው አሉ፤ የቁርጭምጭሚቱን ሰንበርም መረብ ይዞት ነው አሉ። ጃለታ በባዶ እግሩ ተቀበረ፤ የቀኝ ጫማውን እናቱ አስቀሩት።

እንግዲህ በዚህች ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ከሐይቁ ሬሳ ያወጣን ሰው የሟች እናት ሕዝብ ፊት እጁን ታጥበዋለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሟቹ ፋንታ የቤቷ ልጅ ይሆናል። አሻግሬ ይህን ረስቶት ነበር። እማማ ጠጄ ማሰሮ ይዘው ሲመጡ እንቢ ቢል ራሱን ማጋለጥ ሆነበት። እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ጣት በጣት አጠቡት፤ መዳፉን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ እንደገና አጠቡት። ከዚያ «በል ልጄ፣ ወደ ቤትህ ግባ» አሉት።

ሃያ ሰባት ዓመት ገባ። ከውሃው የተረፈው መሬታቸው ለፋብሪካ እስኪወሰድ ድረስ አረሰላቸው። ጣሪያ ሲያፈስ ወጥቶ ደፈነ፣ ሲታመሙ አዝሎ ሐኪም ቤት ወሰደ። ቂሊንጦ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር የመጀመሪያ ደሞዙን ከነፖስታው እግራቸው ሥር አኖረ። ጋዲሴ ወልዳ፣ ልጁን ኦልጅራን ለአያቱ ትታ ሌላ ስታገባ ያሳደገው አሻግሬ ነው። ሚስት አላገባም። ሰፈሩ ስሙን ጠርቶ አይጠግብም፤ የወለደ እንደሱ አይሆንም ይባልለታል። እሱ ግን እቤታቸው ገብቶ በተቀመጠ ቁጥር፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የጃለታን ቀኝ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ እያየ ነው የሚበላው።

ኦልጅራን ውሃ አላስጠጋውም። አንዴ ሊዋኝ ሲገባ ይዞት በቀበቶ ቆዳው እስኪላጥ ገረፈው፤ ሰዉም ስለሚወደው ነው አለ። እውነትም ይወደው ነበር፤ ያ ነው የሚያናድደው። ያ ልጅ አድጎ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሆነ። ሐይቁን እንዲጠርጉ ከተቀጠሩት አንዱም እሱ ነው።

አሻግሬ ሦስት ማለዳ ከጥበቃ ሲወጣ ቤት ሳይገባ እየሄደ ጭቃውን በፌሮ ወጋ ወጋ አደረገ፤ እስከ ጭኑ እየሰመጠ ምንም ሳያገኝ ተመለሰ። መላ ሲጠፋው ለኦልጅራ፣ ድንጋዮቹ አካባቢ ማሽን እንዳታስገባ፣ የአያቶችህ መቃብር ነው አለው። ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ኦልጅራ የመቃብሩን ቦታ አያውቅም ነበርና ልቡ ተነካ። ድንጋዮቹን ሳልነካ ዙሪያውን ጠርጌ ላጥረው፣ አያቴ ሳይሞቱ ይዩት ብሎ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ማሽኑን ያዞረው ወደዚያው ሆነ።

አሻግሬ ዳሩ ላይ ቆሞ አየው። አካፋው ጭቃውን ዝቆ ሲነሳ አንድ ረጅም ነገር ተንሸራቶ ወደቀ። ኦልጅራ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሶ አጠበው። መጀመሪያ የታየው ጫማው ነው። ኮንጎ ጫማ አይበሰብስም። ጎኑ ላይ እማማ ጠጄ በጋለ ቢላዋ አቅልጠው የጠገኑት ጠባሳ አለ፤ ኦልጅራ ከዚያ ጫማ መንትያ ሥር ተኝቶ ነው ያደገው። ልጁ ጫማውን አገላበጠ፣ ገመዱን ተከትሎ ወደ ብረቱ ሄደ፣ በአውራ ጣቱ ጭቃውን ጠረገና ፊደሉን ማንበብ ጀመረ።

አሻግሬ መሮጥ ይችል ነበር። ሚኒባሱም መንገዱ ዳር ቆሟል። እሱ ግን እግሩ ወደ ጭቃው ይዞት ሄደ፤ አፉም «እሱን ስጠኝ፣ የአባቴ ነው» አለ። ኦልጅራ ቀና ብሎ አየው። ሕይወቱን ሙሉ ጋሼ ሲለው የኖረውን ሰው ያኔ ጋሼ አላለውም።

«አሻግሬ» አለው፣ «የአባቴ ጫማ እዚህ ምን ይሠራል?»

መልስ አልጠበቀም። በቡጢ አገጩን ሲለው አሻግሬ በጀርባው ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ልጁ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወቀጠው፤ አፍንጫው ተሰበረ፣ ቅንድቡ ተተረተረ፣ ደሙና ጭቃው ተለወሰ። ገልብጦ ፊቱን ጭቃው ውስጥ ደፈቀው፤ ሊሞት ሲል አወጣው፣ መልሶ ደፈቀው። ገልባጭ መኪና የሚነዳው ታጁ ሊገላግል ቢገባ በክርን ደረቱን ተመትቶ ወደ ኋላው ተፈነገለ። ከዚያ ወዲያ የተጠጋ የለም። አብዛኛው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አሻግሬ ለመነሳት ቀኝ እጁን ሲያስደግፍ ኦልጅራ ሐዲዱን በሁለት እጁ አንስቶ ጣቶቹ ላይ ጣለው። አሻግሬ ጮኸ፤ ጩኸቱ የሰው አይመስልም ነበር።

ኦልጅራ ብረቱን እንደገና አንስቶ ወደ ጭንቅላቱ ሲያዞር እማማ ጠጄ ደረሱ። ማን እንደጠራቸው አይታወቅም። በምርኩዝ፣ ጭቃውን እየሰነጠቁ መጥተው የልጁን አንጓ በቀኝ እጃቸው ያዙ። ያ እጅ የሰባ ሁለት ዓመት እጅ ነው፤ ኦልጅራ ቢፈልግ እንደ ገለባ ያራግፈው ነበር። አላራገፈውም። ብረቱንም ወደ ጎኑ አወረደው።

አያቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በኦሮምኛ አኮ ነው የሚላቸው። «አኮ፣ የአባቴ ጫማ ነው» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነበት።

«አውቃለሁ» አሉ። «ይሄ ሰው እንደገደለውም አውቃለሁ። እጁን ያጠብኩ ቀን መዳፉን ገመድ በልቶት አየሁ። የልጄን ቁርጭምጭሚት የበላው ገመድ ነው።»

እማማ ጠጄ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነገሩት። ያኔ ቢናገሩ ወንድሞቻቸው አሻግሬን ይገድላሉ፣ የአሻግሬም ወገን ይመልሳል፤ በጋዲሴ ሆድ ያለውን የሚያሳድግ ወንድ በሁለቱም ቤት አይተርፍም። ስለዚህ እጁን እንደገና አጠቡትና ልጄ አሉት። ጃለታ ሊያርስ የነበረውን እሱ አረሰ፣ ጃለታ ሊያሳድግ የነበረውን እሱ አሳደገ።

«አልማርኩህም አሻግሬ» አሉት። «አሠራሁህ።»

አሻግሬ ከተሰባበረ እጁ ይልቅ ይህ አመመው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሥውር የሰረቀው የመሰለው ልጅነት ለካ ተቆጥሮ የተሰጠው ሥራ ነበር። ግን ደግሞ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ትንሽ ቀለል አለለት።

እማማ ጠጄ የልጁን አንጓ ሳይለቁ ጎንበስ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ከአሻግሬ አፍ ላይ ጭቃውን ጠረጉለት።

«አንድ ነገር ብቻ አላውቅም። አንድ ቀን ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ እስከ ዛሬ ጠበቅኩ። ውሃ ውስጥ ስትጥለው ሞቶ ነበር?»

አሻግሬ ቀና ብሎ አያቸው፣ ከዚያም እጃቸውን አየ። ኦልጅራ ብረቱን አልጣለም። ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ያቺ አሮጊት እጅ ብቻ ናት የያዘችው። ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል። የሚያስተባብል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ እሳቸውም ያን ቃል ይዘው በሰላም ይሞቱ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ መጣ። ግን ደግሞ እሳቸው ያዘዙትን እንቢ ብሎ አያውቅም፣ የጠየቁትን ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሊያስቀርባቸው አልሆነለትም። ሁልጊዜ ሲያስታውስ ከሚቆምበት የጀልባ ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ።

«አልሞተም ነበር እማማ» አለ። «ጠርዙ ላይ ሳደርሰው ዓይኑን ገለጠ። አሻግሬ ብሎ ጠራኝ። ያኔ ነው የገፋሁት።»

እማማ ጠጄ ምርኩዛቸውን ጣሉና ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ገመዱ ከጫማው ጋር ተጣብቆ ስለነበር የልጃቸውን ጫማ ለማላቀቅ ሁለት እጅ ይፈልግ ነበርና፣ የኦልጅራን አንጓ ለቀቁት።