ገለባ ያለበት ጥግ

አንለይ የቡችላውን ማጅራት ጨምድዶ አፍንጫውን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ሁለት ጊዜ አሸው። ቡችላው ጮኸ። በሌላ እጁ የያዘውን የጎማ ቁራጭ ሲያነሳ ሚስቱ አምሳል ከጓዳ ወጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው።»

«መቼ ይማር ታዲያ?»

«የሸናው መቼ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። አሁን ነዋ።»

«አሁን አይደለም። ዳር ዳሩ እየደረቀ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ለምን እንደምትመታው አያውቅም።»

«ደግሞ ጀመረሽ» አለና ጎማውን ጥግ ወርውሮ ጃኬቱን ደረበ። «ውሻ ቆንጠጥ ካላደረጉት ራስ ላይ ይወጣል። ያቀማጠልሽው አንቺ ነሽ።»

ይህን ብሎ ወጣ። የሚነዳው ሚኒባስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወረታ መናኸሪያ ተነስቶ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ማታ አንድ ሰዓት ሲመለስ ወለሉ ደርቆ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ራቱ ቀርቦ ይጠብቀዋል። ቡችላውን ያመጣው እሱ ነው። «ደፋር» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። መናኸሪያ ላይ ለሹፌሮቹ «ቤቴን የሚጠብቅ አንበሳ አስገብቻለሁ» እያለ የሚያወራውም እሱ ነው። በአሥራ ስምንት ቀን ውስጥ ግን አንድም ጊዜ ሽንቱን አልጠረገም።

አምሳል ይህን በግምት አትናገርም። ጽፋዋለች። የምትሠራው ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ነው። ከየጆንያው እፍኝ ሩዝ ትወስድና ሰፌድ ላይ ዘርግታ ሙሉውን ፍሬ ለብቻ፣ ስባሪውን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ ትለያለች፤ ቆጥራም ትመዘግባለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትሠራ ዓይኗ ሳይቆጥር ማለፍ አቅቶታል። ቡችላው ከመጣ ጀምሮ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ትጽፋለች። የዛሬው ሠላሳ አንደኛው ነው።

ውጭ እንዳታሳድረው ቡችላው ገና ሦስት ወሩ ነው። የግቢው አጥር ደግሞ የባሕር ዛፍ እንጨቱ እየተነቀለ ሳስቷል። ባለፈው ወር ጅብ የጎረቤታቸውን የአቶ ማረውን ውሻ ከነሰንሰለቱ ወስዶታል። ስለዚህ ደፋር ቤት ውስጥ ያድራል፤ ቤት ውስጥም ይሸናል።

ወለሉን በጨርቅ መጠጠችና ከጆንያው እፍኝ የሩዝ ገለባ ዘግና እርጥቡ ላይ በተነችበት። ወረታ ውስጥ እርጥብ ነገር የሚደርቀው በዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ዘይት ቢፈስ ገለባ ነው፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ ደም ቢንጠባጠብ ገለባ ነው፤ በክረምት የበሩ አፍ ሲጨቀይም ገለባ ነው። መፈልፈያዎቹ ጓሮ እንደ ኮረብታ ተከምሯል፤ የሚከለክል የለም። ጠጥቶ ሲደርቅ ትጠርገዋለች።

ገና ቀና ሳትል በሩ ተቆረቆረ።

«አምሳል።»

«አቤት፣ እትዬ ቱርኪያ። ይግቡ።»

«አልገባም። አንቺ ውጪና ይህን እዪ።»

ቱርኪያ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ሳልህ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቱርኪያና አምሳል የሚኖሩት አንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ነው። በእጃቸው ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ከአምሳል በር ስር የወጣች ቀጭን እርጥብ መስመር በረንዳውን አቋርጣ እስከ እሳቸው ደፍ ደርሳለች።

«ለፈጅር ሶላት ውዱ አድርጌ ስመለስ ረገጥኳት» አሉ። «ሄጄ ታጠብኩ። ስመለስ ደግሞ ጫፏን ረገጥኳት። ዛሬ ሦስት ጊዜ ነው የታጠብኩት። አላህ ንጽሕናዬን ወዶልኝ ይሆናል እንዳልል ጉልበቴ አልቻለም።»

አምሳል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፈረች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«በአንቺ አይደለም ልጄ። ስድስት ዓመት ስትኖሪ አንድ ቀን አላስከፋሽኝም። ግን ሳልህ ትናንት ቁርጡን ነገረኝ። አንድ ሩዝ ነጋዴ ክፍሏን ለመጋዘን ፈልጎ በየቀኑ ይመላለሳል። ‹ሰው እየኖረባት› እያልኩ ያቆየሁት እኔ ነኝ። አሁን ግን የምከራከርበት አፍ አጣሁ። እስከ ዓርብ ወይ ውሻው ይውጣ፣ ወይ…» አልጨረሱትም።

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«እሱን አጥቼው አይደለም።»

አምሳል በሩን ዘግታ ቆመች። ታኅሣሥ ውስጥ ወረታ ላይ ክፍል መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። የፎገራ ሩዝ የሚገባው በዚህ ወር ነው፤ ባዶ ክፍል የተባለ ሁሉ ጆንያ ይሞላል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ወንበሩን መንገድ ዳር አውጥቶ ቤቱን ለነጋዴ ሰጥቷል። ቢያስወጧት ዕቃዋን ይዛ የምትሄድበት የለም። ደረቷ ውስጥ የነደደው ነገር ግን በቱርኪያ አልነበረም፤ በቡችላውም አልነበረም። ውሻ የፈለገ ሰው መሪ ጨብጦ ዘፈን ከፍቶ ወደ ሐሙሲት ይነጉዳል፤ ቤት ስለማጣት የምታስበው እሷ ናት።

ደፋር ከአልጋው ስር ሆኖ አፍንጫውን ይልሳል። የአፍንጫውን ጫፍ የሲሚንቶው ሻካራ ልጦታል።

*

ቀትር ላይ ገለባዋ ሊያልቅባት ስለሆነ ባዶ ጆንያ ይዛ ወደ መፈልፈያው ጓሮ ዞረች። አንለይ ደፋርን የወሰደው ከዚሁ ጓሮ ነው፤ የወለደችው ውሻ ከቀሩት ሁለት ቡችሎቿ ጋር ጆንያ ከሚጫንበት ጥላ ስር ተኝታለች። አምሳል መዛቅ ስትጀምር አንደኛው ቡችላ ነቃ፤ ተንጠራራ፤ ሰፊውን ባዶ ሜዳ አቋርጦ ገለባው ክምር ላይ ወጣ። አሸተተ፣ ዞረ፣ ሸና። ከዚያ ወርዶ ወደ እናቱ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው እንደዚያው አደረገ። በመጨረሻ እናትየዋ።

አምሳል መዛቋን አቆመች።

ጓሮውን የምትጠርገው ውባንቺ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታያት ነበር። «ምነው ደነገጥሽ፣ ውሻ ሲሸና አይተሽ አታውቂም?»

«ሜዳው ላይ አይሸኑም እንዴ?»

«መች ነክተውት ያውቃሉ። የተወለዱት እዚያ ክምር ስር ነው፤ የሚያውቁት እሱን ነው። ቢያቆሽሹብኝ ኖሮ እኔ ራሴ አባርራቸው ነበር።» ውባንቺ አገጯን ወደ አጥሩ ወረወረች። «እዚያ ግንብ ስር ከሚቆሙት ሹፌሮች ይሻላሉ። እነሱ ስንት ዓመታቸው ነው፣ እስካሁን ቦታ አልለዩም።»

አምሳል አልሳቀችም። ጆንያውን ባዶውን ጠቅልላ ብብቷ ስር አደረገች።

ማታ ወደ ቤት እንደገባች ነጠላዋን ሳታወርድ ደብተሩን ገለጠች። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት አየች። አምስት ጊዜ ሸንቷል፤ አምስቱም ከበሩ ሥር አንድ ክንድ ሳይርቅ ነው። ሊወጣ ፈልጎ በሩ ጋ ቆሞ፣ የሚከፍትለት አጥቶ ነበር ማለት ነው። ያኔ ወለሉን የምታደርቀው በጨርቅ ብቻ ነበር። ገለባ ያመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ካሉት ሃያ ስድስቱ ሃያ አራቱ እሷ ገለባ የበተነችበት ቦታ ናቸው፤ ከሳጥኑ ሥር፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከበሩ አጠገብ። ጠርጋ ብታነሳውም ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል፤ ሽታውም ይቀራል።

ፊቷ ጋለ። ሽንት ቤቱን ያዘጋጀችለት እሷ ነበረች። ቡችላው እናቱ ያሳየችውን ሳያዛንፍ ነው የፈጸመው፤ የተገረፈውም ሳያዛንፍ ስለፈጸመው ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ካሉት ሦስት ነፍሶች ሥራውን በትክክል የሠራው አንድ ብቻ ነበር፤ አፍንጫው የተላጠውም የእሱ ነው።

ውሃ አፈላች። አልጋውንና ሳጥኑን ከቦታቸው አንስታ ስንጥቁን ሁሉ በቢላ ጫፍ እየፈለፈለች፣ አንዲት ፍሬ ገለባ እስከማይቀር ጠረገች። ወለሉን በሙቅ ውሃና በሎሚ ሁለት ጊዜ አጠበችው። የቀረውን ገለባ ግቢው ጫፍ፣ ከቱርኪያ መታጠቢያ ርቆ አጥሩ ሥር ከመረችና ጠዋት ሽንቱን የመጠጠችበትን ጨርቅ ከሥሩ ቀበረች። ደፋር ከእንቅልፉ እንደነቃ ይዛው ወጣች። አሸተተ። ሁለት ጊዜ ዞረ። ሸና።

ሐሙስ ዕለት ለምሳም እየተመላለሰች አምስት ጊዜ አወጣችው፤ አምስቱንም ጊዜ እዚያው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሸና ቱርኪያ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር።

«ቦታ አገኘ?»

«አገኘ፣ እትዬ። ቦታውን ያሳጣሁት እኔ ነበርኩ።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ቱርኪያ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን። ምንጣፍ እያነጠፍሽለት ትቆጪዋለሽ።» ከዚያ ድምፃቸው ጠበቅ አለ። «እኔ አምኜሻለሁ። ሳልህ ግን በወሬ አያምንም። ነገ ከፈጅር በኋላ መጥቼ ወለልሽን አያለሁ። ደረቅ ከሆነ ነጋዴውን እኔ እመልሰዋለሁ። እርጥብ ከሆነ፣ ወላሂ፣ የምናገረው የለኝም።»

*

አንለይ ሐሙስ ማታ ሲገባ በእጁ ባዶ ጆንያ ይዟል። አልጋው ላይ ወረወረውና እጁን ታጠበ።

«ነገ እገላግልሻለሁ። መንገድ ላይ፣ ጉማራ ድልድይ ስደርስ፣ አውርጄ እጥለዋለሁ።»

«ማንን?»

«አንበሳውን ነዋ። ትናንት ቤት ልናጣ ነው ብለሽ አልነበር?»

አምሳል ሳህኑን አቅርባ ደብተሩን ፊቱ ዘረጋችው። በጣቷ እያሳየች ነገረችው፤ በሩን፣ ገለባውን፣ የመፈልፈያውን ጓሮ፣ የሐሙሱን አምስት ጊዜ፣ የቱርኪያን ቃል። አንለይ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ በይኛ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን በዓይንሽ ስትገርፊኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ገለባውን የበተንኩት እኔ ነኝ። የእኔን አፍንጫ ግን ወለል ላይ ያሸው የለም።»

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። «ምን ለማለት ነው?»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ሸንቷል። ሠላሳ አንዱንም የጠረግሁት እኔ ነኝ። አንተ አሥራ አንድ ጊዜ መትተኸዋል። እሱም ተጽፏል፤ ግለጠው።»

አልገለጠም። «ውሻ እኮ ነው፣ አምሳል።»

«ውሻ መሆኑ አልጠፋኝም። የጠፋኝ ያመጣው ሰው የት እንደነበር ነው።»

«ሥራ ነበርኩ።»

«እኔስ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ተዘፍዝፌ ነበር?»

አንለይ እንጀራውን ቆረሰ፤ አልጎረሰውም። ቡችላው የአንለይን ድምፅ ስለሰማ ከአልጋው ስር ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋ። አንለይ ሲሸሸው አየ፤ ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

«ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነቃል» አለች አምሳል። «የምታወጣው አንተ ነህ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ መገኘት አለብኝ።»

«ግማሽ ሰዓት አለህ። እሱ የሚፈልገው ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ነገ ቁርጥ ቀን ነው እያልሽ? ነገን አንቺ አውጪውና ከዚያ ወዲያ…»

«ነገ ነው።»

«ብተኛስ?»

«ወለሉ ይረጥባል፤ እትዬ ቱርኪያ ይመጣሉ፤ ጉማራ ድልድይ የምንወርደው እኛ እንሆናለን።»

*

አምሳል ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነቅታለች። ውጭው ገና ግራጫ ነው፤ ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ደፋር ተነሳ፤ ራሱን አራገፈ። ጥፍሮቹ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ ወደ ሳጥኑ ሥር ሄደ፣ አሸተተ፣ ምንም አላገኘም። ወደ መስኮቱ ሥር ሄደ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰና ቧጠጠው።

አንለይ ጀርባውን ሰጥቷት ተኝቷል። ትንፋሹ ግን ተለውጧል፤ ምራቁንም ሲውጥ ሰምታዋለች። ነቅቷል። ነቅቶ እሷን ይጠብቃል።

ቡችላው ደግሞ ቧጠጠ። አሥራ ዘጠኝ ቀን በዚህች ሰዓት እግሮቿ ሳታዛቸው መሬት ይረግጡ ነበር። አሁንም ሊወርዱ ሲሉ አንዱን በሌላው ላይ አጠላልፋ ያዘቻቸው። ስድስት ዓመት የኖረችበትን ክፍል አሰበች። በጆንያ ሞልቶ ታያት። ከግድግዳው ማዶ የቱርኪያ ማንቆርቆሪያ ተንኳኳ።

«አምሳል» አለ አንለይ በሹክሹክታ።

ዓይኗን ጨፈነች።

«አምሳል፣ እያለቀሰ ነው እኮ።»

ሦስተኛው ቧጨራ ረዘመ፤ ማልቀሱም ቀጠነ። አልጋው ተንቋቋ። አንለይ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ፣ አንዱን ብቻ ሲያገኝ፣ በአንድ ጫማ እያነከሰ ሲሄድ ሰማችው። መዝጊያውን ገፋው፤ አልከፈት አለው። እጁ ግድግዳውን ሲዳብስ፣ ሳጥኑን ሲዳብስ፣ አንድ ነገር ሲጥል ሰማች። ቡችላው እግሩ ሥር ይሽከረከራል።

«አምሳል፣ ቁልፉ የት ነው ያለው?»

ቁልፉ እዚያው በሩ ላይ እንደተሰካ ነበር፤ በየጠዋቱ የምትከፍተው እሷ ናት። ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበች፤ አልነገረችውም።