ግድግዳው የሚሄድባቸው ሴቶች

ጠርሙስ ማየት ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ፣ መጥቶ አንድ ጠዋት ይቀመጥ። በዚያ ፋብሪካ ሴቶቹ ባንድ ረድፍ ተቀምጠው፣ በጎማ ቀበቶ ላይ ተሰልፎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈውን ጠርሙስ ሲያዩ ይውላሉ። ከጠርሙሱ ጀርባ ነጭ መስታወት አለ፤ ከውስጡ መብራት ይበራል። የተሰነጠቀውን፣ አረፋ የቋጠረውን፣ አንገቱ የተንጋደደውን ለቅመው ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ። ከሁሉም የምትበልጠው ዓይናማዋ ትባላለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ግን አያመልጣትም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች።

ብዙ ሲያዩት ጠርሙሱ ጠርሙስነቱ ይቀራል። ወንዝ ይሆናል። አረንጓዴው በብርሃኑ ውስጥ ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ ሰው የት እንደተቀመጠ ይረሳል፤ እጅ ብቻውን ይለቅማል። ከዚያ የእረፍቱ ደወል ይደወልና ቀበቶው ቀጥ ይላል። ጉዱ ያኔ ነው። የቆመው ጠርሙስ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል። ይሄዳል፤ ግን የትም አይደርስም። መስኮቱ እየተንሳፈፈ እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ዓይናማዋ ይህን ከተቀጠረች ጀምሮ ስታየው ኖራለች፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። አለቃው “ራሱን የሚያዞረው ሰው ብርጭቆ አጠገብ አይቀመጥም” ብሎ የቆረጠ ሰው ነው። ስለዚህ ደወሉ ሲደወል ዓይኗን ጨፍና ታሳልፈዋለች። ሌሎቹም ይጨፍናሉ። እሷ ግን የሚያንቀላፉ ይመስላታል። “ሰነፍ ሁሉ!” ትላለች በሆዷ።

ልጇ ወገቡን ታሞ አልጋ ከያዘ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው። ስለዚህ አለቃውን ለምና ደጅ ጠንታ፣ ምራቷን ለሙከራ አስገባቻት። ስለ ግድግዳው ግን አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት?

ምራቷ ጠዋቱን ሙሉ ጎበዝ ሆና ለቀመች። ደወሉ ተደወለ፤ ቀበቶው ቆመ። ልጅቷ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ማን ነግሯት!

“ኧረ ግድግዳው!” ብላ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨበጠች። “እማዬ፣ ግድግዳው እየሄደ ነው!”

“ዝም በይ፣ አንቺ!” አለች ዓይናማዋ በጥርሷ መሃል።

አለቃው እየሮጠ መጣ። “ምን ሆነች?”

“ምን ትሆናለች? ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው።”

“በልቻለሁ እኮ!” አለች ምራቷ። ሞኝ ናት፤ እውነት ትወዳለች። “አሁን ቆመ እንጂ ሲሄድ ነበር።”

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። “እንግዲህ እማማ፣ አይቀየሙኝ። ልጅቱ ጤና የላትም። ሽርጧን ታውልቅ።”

ልጅቷ የሽርጧን ቋጠሮ መፍታት ያዘች። ቋጠሮው ግን ጠብቆ እምቢ አላት። ዓይናማዋ ጣቶቿን አየች። ዝም ካለች የራሷ ወንበር ይተርፋል። ከተናገረች ሁለቱም ይባረራሉ፤ ያ አልጋ የያዘው ልጅም ጦሙን ያድራል። ግን ይህች ልጅ እብድ ተብላ ከዚያ በር ከወጣች፣ ስሙ እንደ ጥላ ይከተላታል።

“ተይው ሽርጡን!” አለች። “ለኔም ይሄዳል።”

“ምኑ?” አለ አለቃው።

“ግድግዳው ነዋ! እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል። እብድ ነሽ ካልክ እኔንም አስወጣኝ። ግን መጀመሪያ ቅርጫቴን እይ።”

ከረድፉ ጫፍ አንዲት ወፍራም ሴት በረጅሙ ተነፈሰች።

“ለኔ መስኮቱ ነው የሚብሰው።”

“እኔማ ደም ማነስ መስሎኝ ስንት ጉበት በላሁ!” አለች ሌላዋ።

“ለኔ አንቺ ነሽ የምትሄጂው” አለች ሦስተኛዋ ዓይናማዋን እያየች። “ምነው በሄደችልኝ እላለሁ፤ ዞር ስል እዚያው ነሽ።”

“እና ዓይናችሁን የምትጨፍኑት…” አለች ዓይናማዋ።

“አንቺስ? እኛማ የምትጸልዪ መስሎን ነበር!”

ሳቁ ረድፉን ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። አለቃው ግን አልሳቀም። “ሁላችሁም ታማችኋል ማለት ነው?”

“ና፣ እኔ ቦታ ተቀመጥ” አለች ዓይናማዋ። ወንበሯን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። “ሸክም ይዘህ ረጅም መንገድ ሄደህ ታውቃለህ? ስታወርደው ትከሻህ ብቻውን ሽቅብ አይነሳብህም? ዓይንም እንደዚያው ነው። ወንዙን ተሸክሞ ውሎ ሲያወርደው፣ ወደ ኋላ ይንሳፈፋል።” ነገሩ ለእሷም የገባት ገና ያኔ ነው፤ ከአፏ ሲወጣ።

አለቃው እየተነጫነጨ ተቀመጠ። ቀበቶው ተነሳ። አረንጓዴው ይፈስ ጀመር። መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግንባሩ ተፈታ፣ ከንፈሩ ላላ፣ እጁ ጭኑ ላይ ተረሳ። ድንገት ደወሉ ተደወለ።

“እማማ” አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። “መስኮቱ…”

“አውቃለሁ።”

“ይሄዳል እኮ። ደግሞ አይሄድም።”

“ልጅቷስ?”

“ትቀመጥ፣ ትቀመጥ። እርስዎ ብቻ ያዙኝ።”

ምራቷ ሽርጧን አጥብቃ አሰረች። ዓይናማዋ የአለቃውን ትከሻ ያዘች። ያን ቀን ከሴቶቹ ዓይኗን የጨፈነች አልነበረችም። ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ግድግዳው ከነመስኮቱ፣ ከነሰማዩ በጸጥታ ሲፈስ አዩ።

“አትጨነቅ” አለችው ዓይናማዋ በጆሮው። “ሊቆም ሲል ነው የሚያምረው።”